ስለ ተመላሽ ዕቃ በልምድ የምናምናቸው የተሳሳቱ ነገሮች፦ ነጋዴዎች፣ ስቶር የምትሠሩ፣ ኑ እንነጋገር

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ስቶር ነው የምሠራው። የተመለሰ ዕቃ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ፍሪጅ፣ ስቶቭ፣ ምጣድ፣ ጁስ መፍጫ፣ ካውያ። ከመርካቶ ቸርቻሪዎች ይመጣል፣ ከሜክሲኮና ከፒያሳ ሱቆች ይመጣል፣ አንዳንዴ ደንበኛው ራሱ በላዳ ጭኖት ይመጣል። ስለ ተመላሽ ዕቃ የምንነጋገረው ነገር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ግን አብዛኛው ልክ አይደለም። በዚህ የተነሳ የሚባክነውን ገንዘብ በየቀኑ ስለማየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

በየሱቁ ግድግዳ ላይ ካለው ወረቀት ልጀምር። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።" ይህን የለጠፈ ሰው ከተመላሽ ዕቃ የዳነ ይመስለዋል። አልዳነም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንዲህ ይላል፦ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሕጉን ተዉት ብትሉ እንኳ በተግባር የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ደንበኛው ይመጣል፣ ክርክር ይነሳል፣ ሊገዙ የገቡት ሰዎች ቆመው ያዳምጣሉ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ በመጨረሻ ዕቃው ይቀየራል። እስከዚያ ካርቶኑ ጠፍቷል፣ ዕቃው ሦስት ቦታ ተፈታትቷል፣ ያ ደንበኛም ተመልሶ አይመጣም። ዕቃው መመለሱ አልቀረም። የተመለሰው ግን ዘግይቶና ረክሶ ነው።

ገዢዎችም የምትሳሳቱት አለ። አዋጁ የሚናገረው ስለ ጉድለት ነው። ቀለሙን ጠልቼው ነው፣ ጎረቤቴ በርካሽ አገኘች፣ ባለቤቴ አልወደደውም የሚለው ጉድለት አይደለም። እዚያ ላይ የሚሠራው የሱቁ የራሱ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ "የተመለሰ ዕቃ ማለት የተበላሸ ዕቃ ማለት ነው" የሚለው ነው። ይሄ በጣም ውድ ስህተት ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚሠራ ዕቃ ነው። ጁስ መፍጫው "አይነሳም" ተብሎ ይመጣል፣ ስታየው ጆጉ በደንብ ዞሮ አልገጠመም። ጆጉ ካልገጠመ ሞተሩ እንዳይነሳ ሆኖ ነው የተሠራው፣ እጅ እንዳይቆርጥ። ስቶቩ "አያሞቅም" ይባላል፣ እዚህ ስንሰካው ይግላል፣ ምክንያቱም ሰውየው ሰፈር ማታ ማታ ኃይሉ ይወርዳል። ፍሪጅ ደግሞ አይሱዙ ላይ በጎኑ ተኝቶ ይሄድና ቤት እንደደረሰ ይሰካል። የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ፈስሶ ስለሚሆን ቀጥ ተደርጎ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ይህን ሻጩ ቢናገር ኖሮ ግማሹ ፍሪጅ ወደ እኛ አይመለስም ነበር ብዬ ነው የማስበው።

እና ሥራው የሚጀምረው ዕቃው ሲመለስ አይደለም፣ ሲሸጥ ነው። ሰክቶ ማሳየት፣ እንዴት እንደሚሠራ መንገር፣ ሴሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ጀርባ ላይ መጻፍ። ይሄ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛውን በጣም የምሰማው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስለጨመረ "ስቶር ቢቀመጥ ምን አለበት፣ ዋጋው ይጨምርለታል" የሚሉ አለቆች በዝተዋል። አዲስ ዕቃ በካርቶኑ ከሆነ እሺ። የተመለሰ ዕቃ ግን እንደዚያ አይደለም። የፍሪጁ በር ጎማ ይደርቃል። የቻርጅ መብራቱ ባትሪ ሳይሞላ ከርሞ ይሞታል። ሞዴሉ ይቀየርና መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል። በዚያ ላይ አንዱ ዕቃ ሲጎድለው ከሌላው ተመላሽ ይፈታለታል፣ ከዚያ ሁለቱም አይሸጡም። የተመለሰ ዕቃ የሚከስረው ትራንስፖርት ላይ አይደለም፣ ምን ይሁን ብሎ የሚወስን ሰው አጥቶ ሲቀመጥ ነው። ለእኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ

ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው። እኔ ለተለያዩ ሱቆች ወርኃዊ ሂሳብና የታክስ ሪፖርት እሠራለሁ፣ ከስቶሩ በኩል የማይታየውን ልጨምርበት።

ብዙ ነጋዴ ዕቃ ሲመለስለት ደረሰኙን ከደንበኛው ተቀብሎ ይቀደዋል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፣ "አለቀ" ይላል። አላለቀም። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ አንዴ ያተመውን ሽያጭ መዝግቦታል። ስቶቩን በ11,500 ብር ሸጠኸው ከሆነ 10,000 ያንተ ነው፣ 1,500 ብሩ ቫት ነው። ገንዘቡን በሙሉ ለደንበኛው መልሰህ ተመላሹን በወጉ ካላስመዘገብክ ያንን 1,500 ብር ከኪስህ ነው የምትከፍለው። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ያልሸጥከው ዕቃ ገቢ ሆኖ ይቆጠርብሃል። ስለዚህ ዋናው ደረሰኝ ይመለስ፣ በማሽኑ የተመላሽ ደረሰኝ ይውጣ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ተያይዘው ይቀመጡ፣ ለምን እንደተመለሰም ይጻፍ። ገዢው ራሱ የቫት ተመዝጋቢ ድርጅት ከሆነ ክሬዲት ኖት (የተመለሰውን ሂሳብ የሚቀንስ ሰነድ) ያስፈልገዋል፣ እሱም በግዢው ላይ ያቀናነሰውን ቫት ማስተካከል አለበት።

ቅያሪም ላይ እንደዚያው ነው። ሰውየው 8,000 ብር የነበረውን መልሶ 9,500 ብር የሆነውን ቢወስድ "የ1,500 ደረሰኝ ቁረጥለት" አይባልም። አንዱ ተመላሽ ነው፣ ሌላው አዲስ ሽያጭ ነው።

የተመለሰውን ዕቃ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ መቁጠርም ትልቅ ችግር ነው። በአይ ኤፍ አር ኤስ (በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ) ለምትሠሩ ድርጅቶች፣ ስቶር ያለ ዕቃ በመዝገብ የሚቀመጠው በወጣበት ወጪ ወይም የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ ነው፣ ከሁለቱ ባነሰው። በሩ የተሰረጎደ ፍሪጅ በአዲስ ዋጋ መዝገብ ላይ ከተቀመጠ ባለቤቱ ያለው የሚመስለው ገንዘብ የለም። በዚያ ተማምኖ ከባንክ ይበደራል፣ ሌላ ዕቃ ያዛል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ጫማ ሻጭ ከፒያሳ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በጥቂቱም ቢሆን አልስማማም። ፍሪጅና ስቶቭ ሌላ ነው። እኛ ፒያሳ ላይ ጫማና ቦርሳ ነው የምንሸጠው፣ ሱቃችን ሲፈርስ ወደ ሌላ ሕንፃ ገባን፣ ኪራዩ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያንን ወረቀት ጠልተን አይደለም የለጠፍነው። ዓርብ የተገዛ ጫማ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይጨፈርበትና ሰኞ ይመለሳል። ሶሉ ተፍቆ፣ ጣቱ ጋ ታጥፎ፣ "ጠበበኝ" ተብሎ። እሱን ማን ይገዛኛል? "አይመለስም" ካላልኩ ሱቄ በነጻ የጫማ ኪራይ ቤት ይሆናል።

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

እህቴ ልክ ነሽ፣ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አለ። ይሄ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ውጭ አገርም ልብሱን ለብሶ፣ መለያ ወረቀቱን ውስጥ ደብቆ ከግብዣ በኋላ የሚመልስ ሞልቷል። ግን ሦስቱን ነገር አትቀላቅያቸው። ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ጉድለት ነው፣ እሱን በ15 ቀኑ ውስጥ ከመጣ መቀበል ግድሽ ነው። 38 ወስዶ 39 የፈለገ ሰው ቁጥር ቅያሪ ነው የፈለገው፣ ያላደረገው ከሆነ ምንም አትከስሪም፣ እንዲያውም ሽያጩ ይጸናል። አድርጎት የመጣውን ደግሞ በጨዋ ቋንቋ "ተደርጓል፣ አልቀበልም" ማለት መብትሽ ነው። ወረቀቱ ሦስቱንም አንድ ላይ ሲያባርር ነው ጉዳቱ። ቁጥር ለመቀየር ይመጣ የነበረው ጥሩ ደንበኛ ወረቀቱን አይቶ መጀመሪያውኑ አይገዛም። እሱን ደግሞ አትቆጥሪውም፣ ምክንያቱም ሳይገዛ ነው የወጣው።

ጫማ ሻጭ ከፒያሳ

ቁጥር ቅያሪን እቀበላለሁ፣ እሱንማ ሁሌም እናደርጋለን። ገንዘብ መመለስ ላይ ግን አሁንም አላመንኩም። አንዴ ለአንዱ ከተመለሰ ወሬው ይዞራል። ሶሉን የማየው በወረቀት ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ አስቆመዋለሁ፣ ጥቁር ከለቀቀ ወይም አሸዋ ከጣለ ውጭ ሄዷል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ስናስለካም ምንጣፍ ላይ ብቻ ነው። ለሌሎች የሚጠቅም ከሆነ ብዬ ነው።

ሞተረኛ ነኝ

እኔ በቴሌግራም ለሚሸጡ ሰዎች ዕቃ አደርሳለሁ። ስለ መንገዱ ማንም አላወራም፣ ስለዚህ ልናገር።

ሻጮቹ "ደንበኛው ካልተቀበለ ዕቃው ይመለሳል፣ ምንም አልከሰርኩም" ይላሉ። እንዴት ነው ያልከሰርከው? ከሜክሲኮ ሳሪስ ድረስ ሄጄ፣ ስልኩ ተዘግቶ፣ ቆሜ ጠብቄ፣ ነዳጅ አቃጥዬ ነው የምመለሰው። ወይ አንተ ትከፍለኛለህ ወይ እኔ እከስራለሁ፣ ነጻ ጉዞ የለም። ዕቃውም ቀኑን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ሲንገጫገጭ ውሎ እንደወጣ ሆኖ አይመለስም። ሽቶ ይሰበራል፣ ኬክ ከሆነማ አታንሱት።

አብዛኛው የማይረከበው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አድራሻው ነው። "ከድልድዩ ወረድ ብሎ ሰማያዊ በር" ይባላል፣ ደርሰህ ስትደውል አይነሳም። ሁለተኛው ምክንያት ፎቶው ነው። ፎቶው ላይ ቀዩ ደማቅ ነው፣ ዕቃው ደግሞ ወይን ጠጅ ነው፣ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ "ይሄን አላዘዝኩም" ይላል። ከእኔ ጋር ቢከራከር ምን ላደርግለት? እኔ ፎቶውን አላነሳሁት።

የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ። አንዷ ልብስ የምትሸጥ እህት ከመውጣቴ በፊት ራሷ ደውላ ታረጋግጣለች፣ የማድረሻውን ሂሳብ ብቻ በቴሌብር ቀድማ ትቀበላለች፣ ለልብስ ሁለት ቁጥር ትልካለች። ሰውየው በሩ ላይ ለክቶ አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን በዚያው ጉዞ ይዤ እመለሳለሁ። የእሷ ዕቃ ሳይሸጥ ሲመለስ ብዙም አላይም። የማድረሻ ሂሳብ ቀድሞ የከፈለ ሰው ስልኩን አይዘጋም።

ጋሼ ጅምላ

ልጆቼ፣ ይሄ ነገር አዲስ ሆኖባችሁ ስትወያዩ ሳይ ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ረስታችኋል። ይህች ከተማ ዕቃን ወደ ኋላ መመለስ ድሮም ታውቅበታለች። እኔ ለስላሳና ቢራ ሳከፋፍል ኖሬአለሁ። 24 ጠርሙስ ሙሉ ሳጥን ይወርዳል፣ 24 ባዶ ጠርሙስ ይጫናል። ባዶ የሌለው መያዣ ያስይዛል። ሰባራ ይለያል፣ የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ይለያል፣ የጎደለው ይቆጠራል፣ ይፈረማል። ሹፌሩ ባዶውን ሳይዝ ግቢ አይገባም። ጠርሙሱ ታጥቦ ተመልሶ ይሞላል። ግሮሰሪው፣ አከፋፋዩ፣ ፋብሪካው፣ ሁሉም ባዶዋ ጠርሙስ ስንት እንደምታወጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይጥላትም።

ለምን ሠራ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው። መኪናው ያው መኪና ነው። ሙሉ ይዞ ሄዶ ባዶ ይዞ ይመለሳል፣ ለመመለሻ የተለየ ነዳጅ የለም። ዋጋው ተቆርጧል፣ በየጊዜው ክርክር የለም። ርክክቡም እዚያው በር ላይ ነው የሚያልቀው። አሁን የላስቲክ ውሃ ጠርሙስን ተመልከቱት። መያዣ የለውም፣ ተቀባይ የለውም፣ ስለዚህ ቦይ ውስጥ ነው የምታገኙት፤ የሚያነሳው ቆራሌውና ለቅሞ አዳሪው ነው።

ልጄ ስቶር የምትሠራው፣ የእናንተ መኪና መርካቶ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው ወይስ ተመላሹን ጭኖ?

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቁን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ባዶውን ነበር የሚመለሰው። ቸርቻሪው ተመላሽ ሲኖርበት ለብቻው መኪና ተከራይቶ ያመጣ ነበር፣ ያ ስለሚከብደው እስኪጠራቀም ይጠብቃል፣ እስኪጠራቀም 15 ቀኑም ያልፋል፣ ጋራንቲውም ይጋመሳል። አሁን ሹፌሩ ዕቃ ሲያወርድ ተመላሹን በፎርም ተረክቦ ይመጣል። እርስዎ እንዳሉት እዚያው በር ላይ ተቆጥሮ ተፈራርሞ ነው። ከዚያ ወዲህ "ስንልከው ደህና ነበር፣ እናንተ ሰበራችሁት" የሚለው ጭቅጭቅ በጣም ቀንሷል።

ጠጋኝ (ስታዲየም አካባቢ)

የስልክ ሰዎች ዝም ብላችኋል፣ እኔ ልናገር።

አንዳንድ ሱቅ "ችግር ካለው ወደ ዱባይ እንልከዋለን" ይላል። ባትሪው ያበጠን ስልክ በአውሮፕላን አትልከውም። የተበላሸ ወይም አደገኛ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በአየር ማጓጓዝ ክልክል ነው፣ የዓለም አቀፉ አየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ነው። ስለዚህ ያ ስልክ የትም አልሄደም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አብጦ። ባትሪው ያበጠ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች ስልኮች ጋር ማስቀመጥ ደግሞ እሳት መጥራት ነው። እባካችሁ ከሚቀጣጠል ነገር ለዩት፣ አትውጉት፣ ቻርጅ አታድርጉት።

የሳምሰንግ ኖት 7 ነገር ትዝ ይላችኋል? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2016 ገበያ ላይ ዋለ፣ ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ መስከረም ላይ 2.5 ሚሊዮን ያህል ስልክ ይመለስ ተባለ። የተተካውም እየተቃጠለ ሲመጣ ጥቅምት ላይ ምርቱ ቆመ። ስልኩን ለመመለስ እሳት የሚቋቋም ልዩ ሳጥን ነበር ለደንበኛው የሚላከው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት እንኳ መመለሱ ብቻ ይህን ያህል ጣጣ ነበረው። ግን አንድ ልብ በሉ፦ ከተመለሱት ስልኮች የተወሰኑትን በሚቀጥለው ዓመት አነስ ያለ ባትሪ አስገብተው በሌላ ስም ኮሪያ ውስጥ ሸጠዋቸዋል። ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ ቦርዱ ደህና ነበራ። የተመለሰ ስልክ ሁሉ ሙት አይደለም።

ሌላው ሁሉም የሚረሳው አካውንቱን ነው። ደንበኛው ስልኩን ሲመልስ ባንኮኒው ላይ እያለ ከጉግል ወይም ከአይክላውድ አካውንቱ ይውጣ። እሱ ከሄደ በኋላ ሪሴት ብታደርገው ስልኩ የድሮውን አካውንት ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ደውለህ ካጣኸው ያ ስልክ ከነሙሉ ጤንነቱ መለዋወጫ ሆነ። ለደንበኛውም ቢሆን ፎቶው፣ የባንክ አፑ፣ መልእክቱ ሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ፋርማሲስት

አጭር ነገር ልጨምር። መድኃኒት ላይ "ያልተከፈተ ስለሆነ ተቀበሉኝ" የሚሉ ደንበኞች አሉ፣ ስንከለክል ይቆጣሉ። ከፋርማሲ ከወጣ በኋላ የት እንደተቀመጠ አናውቅም። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጠው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የዋለ ኢንሱሊን በዓይን ሲታይ ምንም አይመስልም። ተቀብለን መልሰን መደርደሪያ ላይ ብናደርገው የሚጎዳው የሚቀጥለው በሽተኛ ነው። የእኛ ዕቃ ከሌላው ይለያል፣ ተረዱን።

አስመጪ ነኝ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ከቻይና ነው የማስመጣው፣ ብዙ ሰው "ፋብሪካው ይተካዋል" ብሎ ስለሚያስብ እሱን ላስረዳ። የተበላሸ ጁስ መፍጫ ወደ ፋብሪካው አይመለስም። ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚገባው። ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ለመሄድ የጉምሩክ ወረቀት፣ የመኪና፣ የወደብ፣ የመርከብ ሂሳብ አለው፣ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ከማዘዝህ በፊት ነው። ፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ የሚልከው የዋጋ ሰነድ) ላይ ነጻ መለዋወጫ ከነዓይነቱ ይጻፍ፤ የስቶቭ ሬዚስታንስ (ማሞቂያው)፣ የጆግ ላስቲክ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። የተበላሸው በቪዲዮና በሴሪያል ቁጥር ተረጋግጦ ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ዋጋ ላይ እንደሚቀነስ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ኮንቴነሩ ከተከፈተ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ለዚህ ግን ከስቶር የሚመጣው መረጃ ንጹህ መሆን አለበት። "10 ስቶቭ ተበላሸ" ብለህ ብትጽፍለት ፋብሪካው ይስቅብሃል። "ከዚህ ባች (አብሮ ከተመረተው) ይህን ያህሉ በግራ በኩል ያለው ሬዚስታንሱ ተቃጠለ፣ ሴሪያላቸው ይኸው" ስትለው ነው የሚሰማህ።

ከአራት ኪሎ

እኔ የምለው፣ አሜሪካና አውሮፓ እኮ ምንም ሳይጠይቁ ነው የሚመልሱት። ዘመዶቼ ይነግሩኛል። እኛ ነን ወደ ኋላ የቀረነው።

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

ወንድሜ እሱም ግማሹ ነው እውነቱ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኦንላይን የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት እንዲመልስ ይፈቅዳል፣ ልክ ነህ። የመመለሻውን ማጓጓዣ ግን ሻጩ እከፍላለሁ ካላለ ገዢው ሊከፍል ይችላል። ዛራ እ.ኤ.አ. በ2022 እንግሊዝ አገር ኦንላይን ተገዝቶ በፖስታ ለሚመለስ ልብስ ማስከፈል ጀምሯል። ለምን? ብዛቱ ነው። የአሜሪካ የቸርቻሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ለ2023 ያወጣው ግምት የተመለሰው ዕቃ ከሽያጩ 14.5 በመቶ፣ 743 ቢሊዮን ዶላር ነው ይላል። ያ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አይመለስም። ከፊሉ በጅምላ በርካሽ ይሸጣል፣ ከፊሉ ይጣላል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ያልተሸጠ አዲስ ዕቃን ማጥፋት የሚከለክል ሕግ ያወጣችው ስለቸገራት ነው። "ነጻ መመለስ" የሚባለው ዋጋው ላይ ተጨምሮ ሁሉም ደንበኛ የሚከፍለው ነገር ነው። ከእነሱ ልንወስደው የሚገባን ለደንበኛው ያላቸውን ክብር ነው። ብክነቱን ለእነሱ እንተውላቸው፣ እኛ አቅሙም የለን።

እኛ ደግሞ እነሱ የሌላቸው ነገር አለን። ምናለሽ ተራ አለ። ሶማሌ ተራ አለ። በርሜሉን፣ ሞተሩን፣ ብረቱን ፈትተው ሌላ ዕቃ የሚያደርጉ ባለሙያዎች በእግር ርቀት ላይ ናቸው። የተቃጠለ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ገዢ አለው። የተሰበረ ስቶቭ ቆርቆሮው ገዢ አለው። ችግሩ እኛ "አንድ ቀን ይሠራል" ብለን ስቶር ውስጥ ስናቆየው ነው።

ቡቲክ ልከፍት ነው

እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ይሄን ሁሉ ለመከታተል ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልገኛል ማለት ነው? አንድ ድርጅት ብዙ ብር ጠይቆኝ ነበር።

ሂሳብ ሠራተኛዋ

አይ፣ ለጊዜው አያስፈልግሽም። ደብተር ይበቃሻል፣ ኤክሴል ከቻልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። ቀኑን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ ዕቃውን፣ ለምን እንደተመለሰ በደንበኛው አነጋገር፣ አንቺ ራስሽ ስታዪው ምን እንዳገኘሽ፣ እና ምን እንደተወሰነ ጻፊ። የመጨረሻዋ ዓምድ ባዶ ሆና ሳምንት አትቆይ። ወይ ወደ መደርደሪያ፣ ወይ ወደ ጠጋኝ፣ ወይ በቅናሽ፣ ወይ ወደ አስመጪው፣ ወይ ወደ ቆራሌው። በየወሩ ስታነቢው ራሱ ይነግርሻል፤ አንድ ቀሚስ ሁሌ "ጠበበኝ" ተብሎ ከተመለሰ የቁጥር መለያው ነው ስህተቱ፣ ደንበኞችሽ አይደሉም።

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

ይሄን እኔ ከምለው በላይ አሳምረሽ ነው የጻፍሽው። አንድ ብቻ ልጨምር። የሚመልሰውን ሰው የሚቀበለው ልጅ ቀልጣፋ መሆን አለበት። ብዙ ቦታ ተመላሽ ላይ የሚመደበው አዲስ የገባ ወይም ሌላ ሥራ ያልተገኘለት ሰው ነው። ዕቃ ማየት የሚችል፣ ሰው ሲቆጣ የማይቆጣ፣ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ነው እዚያ መቀመጥ ያለበት። "አለቃ የለም፣ ነገ ና" የሚል ልጅ ከተቀመጠ ደንበኛውም ዕቃውም እኩል ይጎዳሉ።

ጁስ ቤት አለኝ

ስለ ጁስ መፍጫ ስታወሩ ነው ያነበብኩት። ከአንድ ሱቅ በቅርቡ የገዛሁት መፍጫ ዛሬ ሥራ መሃል ቀጥ አለብኝ። 15 ቀኑ ጥቂት አልፎታል። ሱቁ "አይመለከተንም" አለኝ። ምን ይሻለኛል?

ጠጋኝ (ስታዲየም አካባቢ)

መጀመሪያ ንገረኝ፣ ሲቆም ሽታ ነበረው? ጭስ ከሌለው ከሶኬት ንቀለውና አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ብዙዎቹ ሞተሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አላቸው፣ ሲበርድ ይነሳል። ለቤት የተሠራ መፍጫ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አቮካዶ አይፈጭም።

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

እስኪበርድ የጋራንቲ ካርዱን አውጣና አንብብ። 15 ቀን አለፈ ማለት ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ሻጩ ወይም አስመጪው ከዚያ የረዘመ ጋራንቲ ከሰጠህ በእሱ ትጠይቃለህ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ላይ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው። ግን ጉድለቱን እንዳየህ ሳትቆይ ማሳወቅ አለብህ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። እምቢ ካሉህ የክፍለ ከተማህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ደረሰኙን ይዘህ ሂድ። ካርዱ ላይ "ለቤት አገልግሎት ብቻ" የሚል ካለ ግን ይከብድሃል፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ጁስ ቤት አለኝ

ሽታ አልነበረውም። አሁን ሰካሁት፣ ተነሳ። ካርዱም "ለቤት አገልግሎት" ይላል፣ ስገዛ ግን ለጁስ ቤት መሆኑን ነግሬአቸው ነበር።

የስቶር ሰው (ተክለ ሃይማኖት)

እንግዲያው ዕቃው አልተበላሸም፣ ለሥራህ ያልሆነ ዕቃ ነው የሸጡልህ። ወደ ሱቁ ተመለስ፣ "ተበላሸ" አትበላቸው። "ለጁስ ቤት ነው ብያችሁ የቤት ሰጣችሁኝ፣ ልዩነቱን ልክፈልና ለሥራ የሚሆነውን ስጡኝ" በላቸው። ዕቃው የሚሠራ ስለሆነ ለእነሱም መልሰው መሸጥ ይቀላቸዋል፣ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይታየኝም። ካርቶኑንና ፎሙን አልጣልከውም አይደል? ዋናውን ደረሰኝ ያዝ፣ ለአዲሱም ሙሉ ደረሰኝ ተቀበል። የልዩነቱን ብቻ ከቆረጡልህ እህታችን ከላይ የጻፈችውን አሳያቸው።